በፊላደልፊያ ከተማ በአንድ ሰፈር ስለ ተሣሉት የግድግዳ ሥዕሎች

ፊላደልፊያ የአሜሪካ ነጻነት የታወጀባት ከተማ ስለ ሆነች ሐውልትና የመታሰቢያ ሰሌዳ አይጎድላትም። ይሁን እንጂ ከተማዪቱ ከ1984 ወዲህ ሌላ ዓይነት መታሰቢያ አብዝታለች፤ ይኸውም በቤቶች የጎን ግድግዳ ላይ የሚሠራው ትልቅ ሥዕል ነው። ባለፉት አርባ ዓመታት የተሠሩት ከ4000 በላይ እንደ ሆኑ ይነገራል። ከእነዚህ መካከል በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ጥቂቶቹን፥ በተለይም በከተማዪቱ መካከል «ጌይቦርሁድ» በተባለው ሰፈር የተሠሩትን ሁለት ሥዕሎች ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። የሰፈሩ ስም «ጌይ» የሚለው ቃልና በእንግሊዝኛ ሰፈር ማለት የሆነው ቃል ተጋጥመው የተፈጠረ ሲሆን፥ የተለመደውም በ1990ዎቹ ነው። ሰዎቹን በአማርኛ ለመጥራት ስንሞክር ግን ችግር አጋጠመን። በቋንቋችን የተለመደው ስም ፍርዱን አስቀድሞ የያዘ ስለ ሆነ፥ አንድን ሰው በዚያ ስም እየጠሩ ታሪኩን መመርመር የሚቻል አልመሰለንም። ስለዚህ እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩባቸውን ጌይ፥ ሌዝቢያንና ትራንስጀንደር የሚሉትን ቃላት እንዳሉ ወስደናል። በጠቅላላው ስንናገር «ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች» እንላለን፤ ይህም ትራንስጀንደሮችን በትክክል እንደማያጠቃልል እናውቃለን፤ የተሻለ ግን አላገኘንም። ነገሩ በአገራችን የወንጀል ሕግ የተከለከለ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ያልተመደበለት፥ ሐውልትም ያልቆመለት ሕዝብ ታሪኩን በሰው ግድግዳ ላይ ሲያኖር ምን ይደርስበታል?

ሰፈሩ ከብሮድ መንገድ እስከ 11ኛው መንገድ፥ ከቼስትነት መንገድ እስከ ፓይን መንገድ ድረስ ያለው ነው ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም። ሰፊ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር በእግር ለመሄድ ሩብ ሰዓት ይበቃል። በ1950ዎቹ ሰዎቹ የሚገናኙት በእነዚህ ጠባብ መንገዶች ውስጥ ባሉት መጠጥ ቤቶች፥ ከዚያም በስተ ምዕራብ በሪተንሃውስ አደባባይ አጠገብ ባሉት ቡና ቤቶች ነበር። በ1959 ፍራንክ ሪዞ የተባሉት የፖሊስ ሹም በቡና ቤቶቹ ላይ ድንገተኛ ፍተሻ እያደረጉ ተገልጋዮቹን ወደ ጣቢያ ይወስዱ ነበር። ይህ ስም ወደ ኋላ ስለሚመለስ አንባቢ እንዲይዘው እንለምናለን። የፔንሲልቫኒያ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ግንኙነት የሚቀጣውን ሕግ የሻረው በ1980 ስለ ሆነ፥ እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ በግማሽ የተደበቀ ሰፈር ነበር ማለት ይቻላል። የተደበቀ ነገር ደግሞ ጽሑፍ አይተውም። የሚተው ቢኖር የፖሊስ መዝገብ ነው።

በ1965 ግን ሁለት ነገሮች በአደባባይ ተደረጉ። የመጀመሪያው በኤፕሪል ወር በሪተንሃውስ አደባባይ አቅራቢያ ዱዊስ በተባለ ምግብ ቤት የሆነው ነው። የምግብ ቤቱ ሠራተኞች አለባበሳቸው ወይም አኳኋናቸው ጌይ ያስመስላቸዋል ያሏቸውን ወጣቶች አናስተናግድም አሉ፤ በአንድ ቀን የተመለሱት ሰዎች ወደ 150 ይደርሱ ነበር። ከእነርሱ ሦስቱ አንነሣም ብለው ተቀመጡ፤ ጃኑስ የተባለው ማኅበር መሪ ክላርክ ፖላክም ሊረዷቸው ሲመጡ አብረው ተያዙ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በምግብ ቤቱ ደጃፍ ወረቀት ታደለ፤ በሜይ መጀመሪያ ሌሎች እንደገና ገብተው ቢቀመጡ ፖሊስ መጥቶ ሳይዛቸው ተመለሰ። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁሮች ተማሪዎች ከ1960 ጀምሮ በምግብ ቤቶች ያደረጉትን ትግል የሚያስታውስ ሰው፥ ዘዴው ከየት እንደ ተቀሰመ ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛው በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ቀን የተደረገው ሰልፍ ነው። ይህ ቀን የነጻነት በዓል ነው፤ ቦታውም የነጻነቱ ዐዋጅ የተፈረመበት ኢንዲፔንደንስ ሆል የተባለው አዳራሽ ፊት ለፊት ነበር። ሰልፈኞቹ ወደ 40 የሚሆኑ ሰዎች ሲሆኑ፥ ፍራንክ ካሜኒና ባርባራ ጊቲንግስ ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። ካሜኒ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ፤ በ1957 ጌይ በመሆናቸው ከመንግሥት ሥራ ተባርረዋል። በሰልፉ ላይ ወንዶቹ ኮትና ከራቫት፥ ሴቶቹ ቀሚስ እንዲለብሱ ደንብ አወጡ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ የመንግሥት ሥራ ይገባናል የሚል ሰው የመንግሥት ሠራተኛ መስሎ መታየት አለበት ይሉ ነበር። ሰሌዳ ይዘው በጸጥታ ይዞራሉ፤ ዘፈን የለም፤ ጩኸት የለም። በበጋው ፀሐይ ከራቫት አስሮ መዞር ምን ያህል እንደሚያልብ መገመት አያቅትም። ሰልፉ «ዓመታዊ ማሳሰቢያ» ተብሎ እስከ 1969 በየዓመቱ ተደረገ። የመጨረሻው በተደረገበት ጊዜ በኒው ዮርክ የስቶንዎል ሁከት ከተነሣ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበርና፥ ወጣቶቹ ይህን የረጋ አካሄድ አልወደዱትም። በ1970 ማሳሰቢያው ቀርቶ በኒው ዮርክ ትልቁ ሰልፍ ተጀመረ።

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ። ዊልያም ዌይ የተባለው የሰፈሩ ማኅበረሰብ ማእከል በስፕሩስ መንገድ ቁጥር 1315 ነው። በ2003 አን ኖርዝረፕ የተባሉት ሠዓሊ በማእከሉ ሕንፃ የጎን ግድግዳ ላይ «ኩራትና እድገት» የተባለውን ሥዕል ሠሩ። ሥዕሉ ያንጊዜ በሰፈሩ የሚደረገውን የመንገድ በዓልና በ1965 ሰሌዳ ይዘው የዞሩትን ሰዎች አንድ ላይ የሚያሳይ ነበር። ሠዓሊዋ ሁለቱን ዘመን ያስታረቁት በዚህ ነው ብለን እናምናለን። በአንድ በኩል ከራቫት ያሰሩት የ1965 ሰዎች፥ በሌላው በኩል በዓል የሚያከብረው የኋላው ትውልድ አለ፤ ከስቶንዎል በኋላ ያሉት ወጣቶች አናረጀንም ብለው የተለዩአቸው ሽማግሌዎች በግድግዳው ላይ ከልጆቻቸው ጋር ጎን ለጎን ቆሙ። ኦፊሴላዊው የመታሰቢያ ሰሌዳ በኢንዲፔንደንስ ሆል አጠገብ የተተከለው በ2005 ስለ ሆነ፥ ሥዕሉ ሁለት ዓመት ቀድሞታል።

እንዲህ ያለ ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለቀረው ነገር ያስፈልጋል። በፊላደልፊያ ያሉት ሠዓልያን ብዙ ጊዜ በግድግዳው ላይ በቀጥታ አይሥሉም። በመጀመሪያ የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው ምን ይሣል በሚለው ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሠዓሊው ከዚህ በኋላ ንድፍ ያወጣል፤ ንድፉ ሲጸድቅ በአራት ማዕዘን እየተከፋፈለ «የጃንጥላ ጨርቅ» በሚባል ስስ ጨርቅ ላይ በመስመር ይገለበጣል። ይህ ስም የወጣው ከአውሮፕላን ከሚወረድበት ጃንጥላ ነው። በየመስመሩ ውስጥ የቀለሙ ቁጥር ስለሚጻፍ ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ ቀለም መቀባት ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ በማእከሉ ጠረጴዛ ላይ፥ በትምህርት ቤት፥ አንዳንድ ጊዜም በእስር ቤት ተዘርግቶ ብዙ ሰው ይቀባዋል። በመጨረሻ በአክሪሊክ ሙጫ በግድግዳው ላይ ይለጠፍና ሠዓሊው መጋጠሚያዎቹን ያስተካክላል።

የአገራችንን አብያተ ክርስቲያናት የቅድስት ግድግዳ ቀርቦ የተመለከተ ሰው ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም። የእኛም ሠዓልያን ብዙውን ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ሠርተው በግድግዳው ላይ ይለጥፉት ነበር። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በእኛ ዘንድ ሥዕሉ ከውስጥ በጣሪያ ሥር ስለ ሆነ ከፀሐይና ከዝናም ተጠብቆ ይኖራል፤ ጨርቁም ሊላቀቅ ስለሚችል ከፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላ የተዛወረ ሥዕል አለ። የፊላደልፊያው ከውጭ ነው፤ ሙጫውም ከጡቡ ጋር አንድ ስለሚያደርገው ሳይቀደድ አይነሣም። ሥዕሉ የግድግዳው ነው፤ ግድግዳው ደግሞ የባለቤቱ ነው።

ሥራው የተጀመረበት ምክንያትም መነገር አለበት። በ1984 የከተማው ከንቲባ ዊልሰን ጉድ ወጣቶች በየቦታው በቀለም የሚሞነጫጭሩትን ጽሑፍ ለማስቀረት አንድ ድርጅት አቋቋሙ፤ ጄን ጎልደን የተባሉት ሠዓሊም ተቀጥረው ወጣቶቹን ወደ ሥዕል ሥራ መለሷቸው። ከዚህ ነው ዛሬ «ሙራል አርትስ» የሚባለው ድርጅት የተወለደው። እንግዲህ ታሪክን ለመጠበቅ ታስቦ አልነበረም፤ ግድግዳ ለማጽዳት ነበር። በ1987 በፔንሲልቫኒያ የተወለደው ሠዓሊ ኪት ሄሪንግ ከፊላደልፊያና ከኒው ዮርክ ልጆች ጋር በደቡብ ፊላደልፊያ «እኛ ወጣቶች» የተባለውን ሥዕል ሠራ። ሄሪንግ ጌይ መሆኑን አልደበቀም፤ በ1990 በኤድስ ምክንያት በ31 ዓመቱ ሞተ። ሥዕሉ በ2013 ታድሷል። ከላይ ከጠቀስነው ሰፈር ውጭ ስለ ሆነ ከዚህ በላይ አንዘገይበትም።

ሁለተኛው ሥዕል የግሎሪያ ካሣሬዝ ነው። ካሣሬዝ በ1971 ተወለዱ፤ ያደጉት ሠራተኛው ሕዝብ በሚኖርበት በሰሜን ፊላደልፊያ ሲሆን ወገናቸው ከላቲኖች ነው። ገና ተማሪ ሳሉ ቤት ለሌላቸው ሰዎች በሚታገል ማኅበር ውስጥ ሠሩ፤ ከ1999 እስከ 2008 ስለ ኤድስ ለላቲኖች ትምህርት የሚሰጠውን ጋላኢ የተባለውን ድርጅት መሩ። በ2008 ከንቲባ ማይክል ነተር የከተማው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና የትራንስጀንደሮች ጉዳይ ቢሮ የመጀመሪያ ዲሬክተር አድርገው ሾሟቸው። በ2010 ባለ ቀስተ ደመናው ሰንደቅ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰቀል የደከሙበት እርሳቸው ነበሩ። በ1959 ፖሊስ ወደ ጣቢያ ይወስዳቸው የነበሩት ሰዎች በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ቢሮ አገኙ ማለት ነው። ካሣሬዝ በኦክቶበር 2014 በጡት ካንሰር በ42 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከአንድ ዓመት በኋላ፥ በኦክቶበር 2015፥ የፊላደልፊያዋ ሠዓሊ ሚሼል አንጄላ ኦርቲዝ የካሣሬዝን መልክ አግንነው በደቡብ 12ኛ መንገድ ቁጥር 204 በሚገኘው ሕንፃ ላይ የሠሩት ሥዕል ተመረቀ። ሕንፃው በሰፈሩ ሰዎች ዘንድ የታወቀ የስፖርት ቤት ነበር። ቦታው ደግሞ ከዚያ በፊት ሌላ ታሪክ ነበረው፤ በ19ኛው ምእተ ዓመት ሄንሪ ሚንተን የተባሉ ጥቁር የድግስ አዘጋጅ በዚያ ይኖሩ ነበር፤ ባርነት እንዲቀር ከሚታገሉት ወገን ስለ ነበሩም ጆን ብራውንንና ፍሬድሪክ ዳግላስን በቤታቸው ተቀብለዋል። አንዱ ታሪክ በሌላው ላይ ተደርቦ እንደ ነበር እናያለን።

የስፖርት ቤቱ በ2018 መጀመሪያ ተዘጋ፤ ሕንፃው ለኒው ዮርክ የሕንፃ ኩባንያ ተሸጠ። ኩባንያው አፍርሶ ከፍ ያለ የመኖሪያ ፎቅ ሊሠራ አሰበ። ስለ ምትክ ሥዕል ንግግር ነበር፤ አልተስማሙም። በዲሴምበር 23 ቀን 2020፥ የፈረንጆች ገና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፥ ሠራተኞች መጥተው የካሣሬዝን መልክ ነጭ ቀለም ቀቡት። ሕንፃው ገና አልፈረሰም ነበር። የሰፈሩን ሰዎች ከሁሉ በላይ ያስቆጣቸው ይህ ነው ብለን እናስባለን። ሕንፃ ሲፈርስ ሥዕሉ አብሮ ቢፈርስ ሰው ያዝናል እንጂ እንደ ስድብ አይቆጥረውም፤ የቆመ ግድግዳ ላይ ያለን ፊት በነጭ ቀለም መሸፈን ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚያው ዓመት በከተማዪቱ ሌላ የግድግዳ ሥዕል በቀለም ተሸፍኖ ነበር። ቀደም ብለን ስማቸውን ያነሣነው ፍራንክ ሪዞ በ1967 የፖሊስ አዛዥ፥ ከ1972 እስከ 1980 ደግሞ ከንቲባ ሆኑ። በደቡብ ፊላደልፊያ በኢጣሊያውያን ገበያ በ1995 የተሣለ መልካቸው ነበር። ብዙ ኢጣሊያውያን የኛ ልጅ እያሉ ሲወዱት፥ ጥቁሮችና ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ግን የፖሊስን ዱላ የሚያስታውስ ነው ይሉ ነበር፤ በተደጋጋሚም ቀለም ተደፍቶበታል። በጁን 2020፥ ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ከተገደሉ በኋላ በተነሣው ተቃውሞ፥ የሪዞ ሐውልት ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ተነሣ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ሙራል አርትስና የሕንፃው ባለቤት ተስማምተው ሥዕሉ ተሸፈነ።

እንግዲህ ከስድስት ወር ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ሁለት ፊቶች፥ የአሳዳጁና የተሳዳጆቹ ወኪል፥ በአንድ ዓይነት ብሩሽ ጠፉ። ከእኛ መካከል አንዱ የመጀመሪያው መጥፋት ትክክል ነው ካላችሁ ስለ ሁለተኛው ማልቀስ አይገባችሁም ሲል ተከራክሮ ነበር። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እኛም በቶሎ አልመለስነውም። የመሰለን ይህ ነው። የሪዞ ሥዕል የጠፋው ሃያ አምስት ዓመት በአደባባይ ከተከራከሩበት በኋላ ነው፤ ተቃዋሚዎቹ በሰልፍ፥ ደጋፊዎቹም በጋዜጣ ተናግረዋል፤ ያሠራው ድርጅትም በይፋ እጁን አንሥቷል። የካሣሬዝ ሥዕል ይወገድ ብሎ በአደባባይ የተከራከረ አላየንም፤ የጠፋው ቦታው ስለ ተሸጠ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ፍርዱን መንቀፍ ይቻላል። ሁለተኛው ፍርድ እንኳ አይደለም። ጓደኛችን በዚህ ሙሉ በሙሉ አልረካም፤ ለሪዞ ወዳጆች የግድግዳው መንጣት በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው ይላል።

ሕጉስ ምን ይላል? በአሜሪካ በ1990 የሠዓልያንን መብት የሚጠብቅ ሕግ ወጥቷል። በዚህ ሕግ መሠረት ሥዕሉ ሳይበላሽ ሊነሣ የሚችል ከሆነ፥ የሕንፃው ባለቤት ከማንሣቱ በፊት ለሠዓሊው የ90 ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለበት። የዚህ ሕግ ኀይል የታየው በኒው ዮርክ በኩዊንስ ክፍል ባለው ፋይቭ ፖይንትዝ በተባለው ሕንፃ ነው፤ ባለቤቱ በ2013 በአንድ ሌሊት ሥዕሎቹን ሁሉ ነጭ ስላስቀባ፥ በ2018 ፍርድ ቤት ለ21 ሠዓልያን በ45 ሥዕሎች 6 ሚሊዮን 750 ሺሕ ዶላር ካሣ ፈረደላቸው፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። ነገር ግን ሕጉ ሠዓሊው መብቱን በጽሑፍ እንዲተው ይፈቅዳል። ግድግዳ ለመስጠት የሚስማማ ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ይህን ፊርማ ነው። ሠዓሊውም ይፈርማል፤ ካልፈረመ ግድግዳ አያገኝም። ደግሞም ሕጉ የሚጠብቀው ሠዓሊውን ነው እንጂ ጨርቁን ተሰብስበው የቀቡትን የሰፈር ሰዎች አይደለም።

ከሕጉም ይልቅ የሚከፋው የቦታው ነገር ነው። የጎን ግድግዳ የሚታየው አጠገቡ ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። ቀድሞ ቤት ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ወይም ሣር የሆነበት ቦታ ለሠዓሊ ምቹ ነው። ነገር ግን ሰፈሩ ሲያምር፥ ሰውም ሲወደው፥ መጀመሪያ የሚሸጠው ያ ባዶ ቦታ ነው፤ በላዩም ፎቅ ሲሠራ ሥዕሉ ከአዲሱ ግድግዳ በስተ ኋላ ይቀራል። በከተማዪቱ ብዙ ሥዕሎች የተደበቁት በዚህ መንገድ ነው፤ ማንም በክፋት አልነካቸውም። ከተማው በ2007 በሰፈሩ የመንገድ ምልክቶች ላይ የቀስተ ደመና ቀለም አደረገ፤ ይህ ክብር ነው፤ ለቤት ሻጮችም የሰፈሩ መልካም ማስታወቂያ ሆነላቸው ማለት ይቻላል።

በዚህም የተነሣ በሥዕልና በሰሌዳ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ለዱዊስ ምግብ ቤት በ2018 የግዛቱ የታሪክ ሰሌዳ ተተከለ፤ በ12ኛውና በፓይን መንገድ መጋጠሚያ ለሚገኘው፥ በ1973 ለተቋቋመውና ስሙን ከጄምስ ቦልድዊን ልብ ወለድ ለወሰደው ጆቫኒስ ሩም ለተባለው መጽሐፍ ቤትም በ2011 ተተክሏል። ሰሌዳው ብረት ነው፤ የሚተከለው በእግረኛ መንገድ ዳር ስለ ሆነ ባለ ቤቱ ቢለወጥ አይነካውም። ነገር ግን ጽሑፉ አጭር ነው፤ ቀለም የለውም፤ አላፊ አግዳሚ ቆሞ አያነበውም። ሥዕሉን ግን ሳያስቡት ያዩታል፤ በየማለዳው ከፊቱ የሚያልፍ ልጅ ማንም ሳያስተምረው የካሣሬዝን መልክ ያውቀዋል።

ለካሣሬዝም ሥዕላቸው ከጠፋ በኋላ በ2021 በማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ የታሪክ ሰሌዳ ቆመላቸው። ከዚያም በኬንሲንግተን የሚገኘው፥ ፊሊፕ ሸሪደን በተባሉት ጄኔራል ስም ይጠራ የነበረው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስማቸው ተሰየመ። በዊልያም ዌይ ማእከል ውስጥ ደግሞ የጆን ዊልኮክስ መዛግብት የሚባል ክፍል አለ፤ የሰፈሩን ወረቀቶች፥ ማስታወቂያዎችና ፎቶግራፎች ይሰበስባል። የ1965ቱን ሰልፍ ፎቶግራፍ ካነሡት አንዷ የባርባራ ጊቲንግስ የሕይወት ጓደኛ ኬይ ላሁሰን ነበሩ፤ በ2021 በ91 ዓመታቸው ሞቱ። ላሁሰን በዚያ ቀን ሰሌዳ ይዘው ይዞራሉ፤ መካከሉን ወጣ ብለው ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ተመልሰው ደግሞ ሰሌዳቸውን ይይዛሉ።